የጋሽ ደባልቄ ዳክዬ

በየከተማው አንድ የተዘረፈ ሰው አይጠፋም። በጉ አልተነዳበትም፣ ቆርቆሮው አልተነቀለበትም፤ የተዘረፈው ሐሳቡን ነው። ድልድይ ሲሠራ ካየ "ይሄን እኮ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነበርኩ" ይላል። ጎረቤቱ አጥሩን አረንጓዴ ከቀባ "ከኔ ሰምቶ ነው" ይላል። ዓለም ሌላ ሥራ ፈትታ የሱን ጭንቅላት ስትበረብር የምታድር ይመስለዋል። እናንተም ሰፈር አለ። የናንተን እናንተ ጻፉት፤ እኔ የኛን የአሶሳውን ልጻፍ።

የኛው ክቡር አቶ ደባልቄ ናቸው፤ የደባልቄ ፎቶ ቤት ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ገንዘብ ያዥና ብቸኛ ሠራተኛ። ከወንበራ ደብረ ዘይት መጥተው አሶሳ ከረሙ፤ እንደ ከረሙ ቀሩ። ዘመኑ 1988 ነው፤ ክልላችን ገና "ክልል ስድስት" ከመባል ወጥቶ ስም ማግኘቱ ነበር። ቢሮ ይከፈታል፣ ወንበር የለም። ወንበሩ ሲመጣ ቢሮው ተዛውሯል። የማይጎድለው ቅጽ ብቻ ነው፤ ቅጹ ሁሉ ደግሞ አራት ጉርድ ፎቶ ይላል። ከመንጌ፣ ከሸርቆሌ፣ ከቶንጎ በጭነት መኪና የመጣ ሰው አቧራውን አራግፎ መጀመሪያ የሚገባው ጋሽ ደባልቄ ቤት ነው። በዚህም ምክንያት ክልሉን የመመሥረት ሐሳብ የሳቸው ነበር። ጠይቁ።

"ጠይቁ" የምትለዋ ቃል የሳቸው ናት። "የአደባባዩን ቦታ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ጠይቁ።" "ሻይ ቤቱ ቢጫ ይቀባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጠይቁ።" ማንን እንደምንጠይቅ ነግረውን አያውቁም።

እኔ ሙዳሲር ሐመድ እባላለሁ፤ የአሶሳ ዙሪያ የበርታ ልጅ ነኝ። እዚያ ቤት ያስገባኝ አንድ የተበላሸ ፎቶ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሣኝ አንድ መንገደኛ ባለ ፍላሽ ነበር። ፍላሹን ግንባሬ ላይ ለቀቀው፤ ግንባሬ በራ፣ የቀረው ሁሉ ጨለመ። ካርዱ ላይ ያለሁት ሁለት ዓይንና አንድ የሸሚዝ ኮሌታ ሆኜ ነው። ፈታኙ ካርዱን አገላብጦ አገላብጦ "ይሄ ማን ነው?" አለኝ። "እኔ ነው" አልኩት። ያኔ አማርኛዬም እንደ ፎቶዬ ነበር። ማንነቴ እስኪጣራ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ቆምኩ፤ የሒሳብ ፈተናውም እዚያው ውጭ አለቀብኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ቀረሁ።

ስለዚህ አንድ አዲስ ቢሮ ሁለት ወጣት መርጦ ፎቶ እንዲማሩ ወደ ጋሽ ደባልቄ ሲልክ ተሽቀዳድሜ ተመዘገብኩ። ትምህርቱ ስድስት ወር ነው። ሲያልቅ ቢሮው ተወዳዳሪ አወዳድሮ አንድ ፎቶ አንሺ ይቀጥራል። ያቺን ቦታ እንደ ውሃ ነው የተጠማኋት። የወር ደመወዝ ስላላት ብቻ አይደለም። የኛን ሰው ፊት እንደገና ማንም መንገደኛ መጥቶ እንዳያጠፋው ስለፈለግሁ ነው።

አብራኝ የተላከችው አሰፋሽ ነበረች፤ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ የባምባሲ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራ እናያለን ብለን ስንቋምጥ ጋሽ ደባልቄ ከኪሳቸው ማኅተም አወጡ። "ደባልቄ ፎቶ ቤት፣ አሶሳ፣ መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ይላል። ስለ ፎቶ መብት ሦስት ሰዓት ሙሉ አስተማሩን። ጭብጡ አንድ ነው፤ "ስምና አድራሻ ከጀርባው የሌለው ፎቶ ወላጅ አልባ ነው፤ ቀድሞ ማኅተም የመታበት ያሳድገዋል።" ይሄን ከየትኛው ሕግ እንዳገኙት እግዜር ይወቀው። ብቻ በዚሁ ሕግ መሠረት ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ የኛን ደብተር ሳይቀር መትተውታል። አሰፋሽ በወሎ ቃናዋ "ጋሽዬ፣ ድመቷንስ?" አለቻቸው። አልሳቁም። ድመቷ ፀጉር ስላላት ቀለም አይዝም አሉ፤ ሞክረውት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ እኚህ የመብት ሊቅ በምን የሚተዳደሩ ይመስላችኋል? ከፎቶ ላይ ፎቶ በማንሣት። ሰው ከድንበሯ ከኩርሙክ ማዶ ካለ የሱዳን ፎቶ ቤት ታጥፋ የመጣች የአባቱን ያረጀች ፎቶ ይዞ ይገባል። ጋሽ ደባልቄ ግድግዳ ላይ ወጥረው ያነሧታል፣ አሳድገው ያትሟታል፣ ከጀርባዋ "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ብለው ይመታሉ። የሱዳኑ አንሺ ማኅተምስ? "እሱ የፊተኛው ፎቶ ነው" ይላሉ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ የሳቸው ግን ዳቦውን ልሶ ማኅተም የሚመታ ነው።

ጉዱ የታየው በሐይቁ ነው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ግድግዳውን የሚሸፍን ትልቅ ሸራ አለ፤ ሰማያዊ ሐይቅ፣ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጥግ ላይ አንዲት ዳክዬ። በረዶ አይቶ የማያውቅ የአሶሳ ሕዝብ ሁሉ ከዚህ ሐይቅ ፊት ቆሞ ተነሥቷል፤ ሙሽራውም፣ ሊቀመንበሩም። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ረጀብ የሚባል ሰው ፎቶ ቤት ከፈተ። ሐይቅ አሣለ። ያው ተራራ፣ ያው በረዶ፣ ያቺው ዳክዬ። ጋሽ ደባልቄ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም፤ በአራተኛው ከሰሱ።

ችሎቱ ከተከፈተ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ዳኛው ራሳቸው ወንበራ ያለበት የመተከል ሰው ናቸው። እኔና አሰፋሽ ለምስክርነት ሄድን።

"ሐይቁ የማን ነው?" አሉ ዳኛው።

"የኔ። ደብረ ዘይት ነው ያደግሁት።"

"የትኛው ደብረ ዘይት?"

"የወንበራው።"

"የወንበራው ደብረ ዘይት ሐይቅ የለውም።"

"ለዚህ እኮ ነው የሣልኩት" አሉ ጋሽ ደባልቄ።

ረጀብ ጣቱን ከዳኛው ራስ በላይ ወዳለው ግድግዳ ቀሰረ። ሁላችንም አየን። አንድ የመድኃኒት አስመጪ ያደለው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ያው ሐይቅ፣ ያው ተራራ፣ ያው በረዶ። ዳኛው ዞረው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። እኔ በጋሽ ደባልቄ ፈንታ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

"ክቡር ዳኛ፣ ዳክዬዋን ይፈልጉልኝ" አሉ።

ዳኛው ፈለጉ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ዳክዬ የለችም። "ዳክዬዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ደባልቄ፤ "ረጀብ ከቀን መቁጠሪያ ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ዳክዬዋን ከየት አመጣት?" ተወሰነም፤ ሐይቁ የማንም ነው፣ ዳክዬዋ ግን የከሳሽ ናት፣ ተከሳሽ ዳክዬዋን ያጥፋ። ረጀብ በሰማያዊ ቀለም ደፈናት፤ ቀለሙ ስለወፈረ እስከ መጨረሻው የሰጠመች ዳክዬ ትመስል ነበር። ጋሽ ደባልቄ በዕድሜያቸው ሙሉ የኔ ነው ካሉት ነገር ሁሉ በፍርድ የጸናላቸው ይህችው አንዲት ዳክዬ ናት። ውሳኔውን በፍሬም አሰርተው ሰቀሉት።

አሁን አንድ እውነት ልናገር፤ ስናገረውም ደስ እያለኝ አይደለም። ሰውዬው ብርሃን ያውቃሉ። ከፎቶ ቤቱ ጣሪያ አንዱን ቆርቆሮ አንሥተው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ገጥመዋል። የቀርከሃ ሰሌን ላይ ከሲጋራ ፓኮ የተላጠ ብልጭልጭ ወረቀት ለጥፈው በጥላው በኩል ያቆሙታል፤ ፊትህን ከጎን የነካው ብርሃን ከሰሌኑ ተመልሶ ሌላውን ጉንጭህን ያወጣዋል። ፍላሽ እርም ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጃንሆይም ቢመጡ አያነሡም። አንድ ጊዜ መኪና አስነሥቶ የሚጠብቅ ትልቅ ባለሥልጣን "አሥር ሰዓት ተመለስ፣ አሁን ዓይንህ ጉድጓድ ይሆናል" ብለው መልሰውታል። ተመልሶ መጣ። የመፈተኛ ካርዴን ያሳየኋቸው ዕለት ለረጅም ጊዜ አዩት። "ፊት አይጠፋም፤ የሚያጠፋው መብራት ነው" አሉና ያለ ክፍያ አነሡኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን አገጭ በፎቶ አየሁ። ከጀርባው ግን ማኅተማቸው ነበረበት።

በአራተኛው ወር አሰፋሽ "አቦ፣ እኔስ የራሴን ሐይቅ ልቆፍር" ብላ ባምባሲ ፎቶ ቤት ልትከፍት ሄደች። በስድስተኛው ወር የቢሮው ማስታወቂያ ወጣ። ተወዳዳሪ ሁሉ ራሱ ያነሣውን አንድ ፎቶ ያምጣ፣ ከጀርባውም የአንሺው ስምና አድራሻ ይኑርበት ይላል። አምስት ሰው ተመዘገብን።

ያነሣሁት አክስቴን ኑራን ነው፤ የአባቴን እህት። ቅዳሜ ገበያ ባሚያና የቀርከሃ ቡቃያ ትሸጣለች። ጠዋት ከቤቷ ደጃፍ አስቀመጥኳት፣ ሰሌኑን ተሸክሜ ሄጄ በጥላዋ በኩል አቆምኩት፣ ጉንጯ ላይ ያሉት ሦስት ሦስት የቆዩ የጌጥ ብጣት መስመሮች አንድ በአንድ እስኪወጡ ጠበቅኩ። "ጨርስ፣ ባሚያዬ ጠወለገ" አለችኝ በበርታኛ፤ ልትቆጣ ከንፈሯን ስትሰበስብ አነሣኋት። ፎቶው ሲታጠብ ጋሽ ደባልቄ ራሳቸው ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ። እኔ እንዲያ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያነሣሁት እኔ መሆኔን ማመን አቃተኝ።

በማግሥቱ ገልብጬ ሳየው ማኅተሙ አለበት። ደባልቄ ፎቶ ቤት፣ አሶሳ። በዚህ ፎቶ ብወዳደር የሚቀጠሩት እሳቸው ናቸው። ደሜ ፈላ።

"ጋሽ ደባልቄ፣ ይሄን ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

"ካሜራው የማን ነው?"

"የርስዎ።"

"ፊልሙስ?"

"የርስዎ።"

"ሰሌኑ፣ ወረቀቱ፣ ማጠቢያው? ብርሃን ከጎን ነው የሚገባው ብሎ ያስተማረህስ? ጠይቅ።"

"እሺ፣ ሐይቁ በሙሉ የርስዎ ነው" አልኩ። "ዳክዬዋን የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።"

በዚህ መሐል አክስቴ ኑራ፣ ፎቶዋን ልታይ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ስትሰማ የቆየች፣ ገባችና ፎቶውን ከእጄ ወሰደች። እሳቸው በርታኛ ስለማይሰሙ በቻለችው አማርኛ ነገረቻቸው።

"ፊትስ የማን ነው?" አለች። "የኔ ነው። እናቴ ነው የሰጠኝ። አንተ ማኅተም መታ፣ እሱ ተቆጣ። እኔን ማን ጠየቀ?"

አክስቴ ፎቶውን አይታ አይታ፣ በጣቷ ጉንጯን ዳሰሰች፤ ለኔ በበርታኛ "ይሁን፣ ይዘኸው ሂድ" አለችኝ። ጋሽ ደባልቄ ግን ፎቶውን ከእጇ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። "የውድድሩ ቀን እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ" አሉ።

ያን ሳምንት የጠላኋቸውን ያህል ያንን ባለ ፍላሽ እንኳ አልጠላሁትም። እሱ ሳያውቅ ነው ያጠፋኝ።

በውድድሩ ቀን አራቱ ፎቷቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ እኔ ባዶ እጄን ነኝ። ኃላፊው ስሜን ሲጠራ ጋሽ ደባልቄ በበሩ ገቡ። ያነክሳሉ። የግራ ጫማቸው ተረከዝ ላስቲኩ ተቆርጦ ወጥቷል። ማንንም ሰላም ሳይሉ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ኃላፊው የአክስቴን ፎቶ አወጣ፣ ብዙ አየው፣ ገለበጠው።

ፎቶው እንደ አዲስ የታተመ ነው። የሳቸው ማኅተም የለበትም። በምትኩ በቢላ ከጫማ ላስቲክ የተቀረጸ፣ ፊደሉ የተንጋደደ ማኅተም አለ፤ "ሙዳሲር ሐመድ፣ አሶሳ፣ መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው"። ከሥሩ ሌላ መስመር ተቀርጿል፤ "ፊቱ የወይዘሮ ኑራ"። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ዳክዬ አለች።

"ይቺ ምንድን ናት?" አለ ኃላፊው።

"እሷ የኔ ነበረች" አሉ ጋሽ ደባልቄ፤ "አሁን የሱ ናት። ፍርድ ቤት ጠይቁ።"

ማኅተሙን መዳፌ ላይ ጥለው እያነከሱ ወጡ። ላመሰግናቸው አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ተቀጠርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው በሙሉ እኔን የመቅጠር ሐሳብ የጋሽ ደባልቄ እንደነበር ሰማ፤ ጫማቸውን የሰፋላቸው ሊስትሮ ሳይቀር ነገረኝ። ዛሬ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፋቸው ግን ደኅና ነው። ይህን ጽሑፍ ሰው ያነብላቸዋል፤ ሳይጨርስላቸውም "ሐሳቡ የኔ ነው፣ ጠይቁ" ማለታቸው አይቀርም። እንግዲህ እኔን ጠይቁኝ። የሳቸው ነው።