ጋሽ ምዕራፍና ያላለቀው መጽሐፍ

ትምህርት ቤት ባለበት ሁሉ፣ ከልጁ ይልቅ ራሱ ለፈተና የሚቀመጥ የሚመስል አንድ ወላጅ አይጠፋም። ዳይሬክተሩ ይቀየራል፣ ጠመኔው ያልቃል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ልጁ ለጥ ብሎ ሲተኛ አባት መጽሐፉ ላይ ያፈጥጣል። ልጁ "ተምረናል" ሲል አባት "የት ድረስ?" ይላል።

በዚያ ሰፈር ይህን ማዕረግ የያዙት ፀጉር አስተካካዩ ነበሩ። መምህራኑ በእረፍት ክፍላቸው "ክቡር ጋሽ ምዕራፍ" ብለው ሰይመዋቸዋል። ሰውየው መምህር ሲያዩ እንደ ሰው "እንደምን ዋላችሁ" አይሉም፤ ሰላምታቸው "ስንተኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ?" ነው። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠይቃሉ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይጠይቃሉ። አንዴማ ክሊኒክ ውስጥ፣ መርፌ ሊወጋ እጅጌውን የሰበሰበ የሒሳብ መምህር ላይ ደርሰው ጠይቀዋል። ነርሷ ሳትቀር ሳቀች።

ዋናው መከራ የወረደው ግን በአካባቢ ሳይንስ መምህሩ ላይ ነው። ስድስተኛ ክፍል የደረሰችው ታላቋ ልጃቸው የሱ ተማሪ ናት፤ በዚያ ላይ ፀጉሩን የሚቆረጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ሌላው መምህር በጓሮ በር ወጥቶ ያመልጣል። እሱ ግን በየወሩ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሮ፣ መነጽሩን አውልቆ እጃቸው ላይ ይወድቃል። ጋሽ ምዕራፍም ብልህ ናቸው፤ ጥያቄ የሚጀምሩት ግማሹን ጭንቅላት ከጨረሱ በኋላ ነው። ቶንዶሱን ያጠፋሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"እሺ መምህር፣ ስንተኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ?"

"አምስተኛውን እያገባደድን ነው፣ ጋሼ።"

"ባለፈው ወርም እያገባደዳችሁ ነበር እኮ።"

"ምን ላድርግ? በፈረቃ ነው የምናስተምረው፣ የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። መጽሐፉ ራሱ የመጣው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው።"

"ፈተናው ታዲያ እስከ አምስት ብቻ ነው?"

"ፈተናውማ ከሁሉም ምዕራፍ ነው።"

"ፈተና አውጪዎቹ መጽሐፉን ከኋላ ጀምረው ሳያነቡት አይቀሩም" ይላሉና ቶንዶሱን ሳያስነሱ ይጠብቃሉ። ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ሰው የት ይሄዳል? መምህሩ ስድስተኛውን ምዕራፍ እዚያው ወንበር ላይ ያስተምራል። ትምህርቱ ሲገባቸው ሌላኛው ግማሽ ይቆረጣል።

አንድ ወር ሊያመልጥ ሞክሮ ነበር። ከዋናው መንገድ ማዶ ያለ፣ ሙዚቃ እንጂ ምዕራፍ የማያውቅ ወጣት ዘንድ ሄዶ ተቆረጠ። ሳምንቱን ሙሉ ተማሪ ሳቀበት። አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ጋሽ ምዕራፍ ጭንቅላቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፣ በሐዘንም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን ያደረገብዎት ሰው ልጅ የለውም" አሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቁት የነገሩትም ያን ቀን ነው። "እኔ እዚያችው የስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው የቀረሁት፣ መምህር። ያልተማርኩትን ጠይቀውኝ ወደቅኩ። አባቴ ሰነፍ ነው ብሎ መቀስ አስያዘኝ፤ እኔም ሰነፍ የሆንኩ መስሎኝ ኖርኩ። ልጄ ብትሰንፍ ግድ የለም፣ እቆጣታለሁ። ሳይነግሯት ቀርተው ሰነፍ ከተባለች ግን ምን ብዬ አጽናናታለሁ?" መምህሩ ከዚያ ወዲህ ማምለጥን ረሳ።

ወንበሩ ላይ የተማሩትን ደግሞ ለራሳቸው ብቻ አይዙትም። ማታ ለልጃቸው፣ ቀን ደግሞ ተራ ለሚጠብቀው ወላጅ ሁሉ ያስተላልፋሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ሾፌሩ ፀጉሩ ሳያድግ ይመጣል። አግዳሚው በስድስተኛ ክፍል ተማሪና በወላጁ ይሞላል።

እንዲህ እንዳለ የካርታው ምዕራፍ ደረሰ። ምላጩ የመምህሩ ማጅራት ላይ ስለነበር ዞር ማለት አይቻልም። ጋሽ ምዕራፍ በግራ እጃቸው የልጅቷን መጽሐፍ ከጆሮው አጠገብ ከፍ አድርገው ገጹን ወደ መስተዋቱ አዞሩለት።

"ምሥራቁ የቱ ነው? እዚህ አልጻፉትም።"

መነጽሩ መደርደሪያው ላይ ነው። መስተዋቱ ውስጥ የሚታየው ካርታ የሚመስል ጭጋግ ብቻ ነው። እጁ ከጨርቁ ሥር ስለሆነ በስተቀኙ ወዳለው በር በዓይኑ አመለከተ። "ያ በበሩ በኩል ያለው ጫፍ ነው" አለ። ጋሽ ምዕራፍ ምላጩን አስቀምጠው እስክሪብቶ አነሱና፣ እዚያው ጫፍ ላይ በደማቁ "ምሥራቅ" ብለው ጻፉ።

ሞዴል ፈተናው ሲታረም መምህሩ ግራ ገባው። ያልተማረ ልጅ በየራሱ ግምት ይሳሳታል፤ እነዚህ ግን ተባብረው ተሳስተዋል። በብዙ ወረቀት ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከካርታው ግራ ነው። ኩረጃ መሰለውና የጋሽ ምዕራፍን ልጅ ጠራት።

"ምሥራቅ በግራ ነው ያለሽ ማነው?"

"አባዬ።"

"ለአባትሽስ ማን ነገራቸው?"

ልጅቷ እግር እግሯን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ "እርስዎ ነዎት አለኝ" አለች።

መምህሩ የፀጉር ቤቱ መስተዋት ትዝ አለው። ገጹ ወደ መስተዋት የዞረ መጽሐፍ ቀኙ በግራ እንደሚታይ ጠፍቶት ነው? ወራት ሙሉ ሲያገባድደው የከረመው አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ብርሃንና ስለ መስተዋት ነበር።

የዚያን ዕለት ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ። አግዳሚው ሙሉ ነበር፤ እሱም ሁሉም እየሰማው ተናገረ። "ጋሼ፣ ምሥራቁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ምዕራፍ መጽሐፉን አመጡና አንዴ ገጹን፣ አንዴ መስተዋቱን አዩ። "እኔም እኮ ተጠራጥሬ ነበር" አሉ። "ካርታው ላይ የሰፈራችን ወንዝ በቀኝ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ በወንዙ በኩል ስትወጣ ሳይ ግር ብሎኝ ነበር። ግን መምህር ካሉ ብዬ ተውኩት።"

የመምህሩን ልብ የነካው ይህ ነው። በዚያ በታጨቀ ክፍል ውስጥ አንዱ ያዛጋል፣ አንዱ በመስኮት ያያል። እኚህ ሰው ግን ፀሐይን ትተው እሱን አምነዋል። አፈረም፣ ደስም አለው።

ጋሽ ምዕራፍ በማግስቱ ሱቁን ዘግተው ደንበኛ ለደንበኛ እየዞሩ "ምሥራቅ ወደ ቀኝ ተመልሷል፣ ለልጆቹ ንገሩ" ሲሉ ዋሉ። መምህሩም ከዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጀምሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መነጽሩን አድርጎ አግዳሚው ፊት ቆመ። እሱ ሲያስተምር ጋሽ ምዕራፍ ይቆርጣሉ፣ አልፎ አልፎም ቶንዶሱን አጥፍተው "እስቲ ይድገሙልኝ" ይላሉ። የተላጨውም ያልተላጨውም ያዳምጣል። መጽሐፉ ፈተናው ሳይደርስ አለቀ።

ውጤት ሲመጣ የጋሽ ምዕራፍ ልጅ አልፋለች። የሾፌሩም ልጅ አልፏል። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ግን ለጥቂት ቀረች፤ ክፍሉን ትደግማለች።

በሚቀጥለው ወር መምህሩ ሊቆረጥ ሄደ። ጋሽ ምዕራፍ መርቀው፣ አመስግነው፣ ቶንዶሱን አስነሱ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ግማሹ ተቆረጠ፣ ሌላኛውም ተከተለ። ዓመቱን ሙሉ የተመኘው ዝምታ ይሄ ነበር፣ አሁን ግን አልተመቸውም። ሰውየውን እንደሚወዳቸው ያወቀው እዚያች ላይ ነው፤ መቼ እንደጀመረው ግን አያውቅም።

"ታናሿ ልጅዎስ እንዴት ናት?" አለ።

"ኧረ እሷ ገና ሦስተኛ ክፍል መግባቷ ነው። ምን ያስቸኩላል?"

"የዳቦ ጋጋሪዋም ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ገና ናት ተብላ ነበር" አለ መምህሩ። "ቅዳሜ ሁለቱም ይምጡልኝ።"