ኤልሮኢ የአርባ ሰባተኛውን ጥቅል ያየችበት ዜና

ፊልሙ በጀርባው ገባ። ይህም የሆነው በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ኢንተርኔት ወደ በረሳ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በገባ በስድስተኛው፣ ከዚያም በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ «ቧንቧው በቅርቡ ይጠገናል» የሚለው ማስታወቂያ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ገና ነግሦ ሳለ ነው። የዘመቻው መሪም የአንኮበር ልጅ፣ የጠባሴ ሰፈር ተከራይ፣ ወረፋ የማይሆንላት፣ ቀጠሮ የማይጥማት፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ሦስት ምዕራፍ የጻፈች፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ኤልሮኢ ወልደተንሣኤ ነበረች።

የዘመቻውም ምክንያት እነሆ። በትምህርት ክፍሉ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ አንድ የግርጌ ማስታወሻ ከዘመን ዘመን ይኖር ነበር። እርሱም የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ዘይላ ወደብ ላይ ለእንግሊዝ ሹም «ቀረጥ አንከፍልም» ብለው ግመሎቻቸውን እንደ መለሱ የሚናገር ሲሆን፣ ምንጩን ሲጠቅስ «የቅኝ ገዥ መንግሥታት የአፍሪካ መዛግብት፣ ማይክሮፊልም፣ ጥቅል 47፣ ምስል 212» ይላል። ይህን ዘርአ ዳዊት ጻፈ፤ ዘርአ ዳዊትም ለአልታየች አወረሰ፤ አልታየችም ለጌታሰው አወረሰች፤ ጌታሰውም ለገብረመንፈስቅዱስ፣ ገብረመንፈስቅዱስም ለኤልሮኢ አወረሰ። ሁሉን የባረኩና በሁሉ ላይ የፈረሙ አማካሪው ዶክተር ኪዳነወልድ ነበሩ። ኤልሮኢም እንደ ቀደሙት አባቶችና እናቶች ፊልሙን ሳታይ፣ በዚህ በአንድ ማስታወሻ ላይ ምዕራፍ አራትን ከነካርታው አቆመች።

ወእምዝ፣ ጽሑፏን በምታቀርብበት ዕለት ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የውጭ ፈታኝ በቴሌግራም እንዲህ የሚል አዋጅ ላከ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ምስል 212ን በዓይንሽ አይተሻል? ካላየሽው ምዕራፍ አራትን አልቀበልም። ዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ።» ያለ ምዕራፍ አራት ምረቃ የለም። ምረቃ ከሌለ ሌላ አንድ ዓመት ጠባሴ፣ ሌላ አንድ ዓመት ብርድ ነው። አንኮበር ላይ ደግሞ ለምረቃው የሚቀለበው በግ ከወዲሁ በስሟ መጠራት ጀምሯል።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ የጽሑፏን ጥራዝ በብብቷ ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ዘመተች። የተከተሏትም እነዚህ ናቸው፦ የአልዩ አምባዋ ሙስሊማ፣ የክፍል ጓደኛዋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የማይገኝ ነገር የሌለ፣ የነዚያ ነጋዴዎች የልጅ ልጅ ነኝ ብላ ለዘሯ ክብር የዘመተች፤ የደነባው ባየው፣ እርሱም የክፍል ጓደኛዋ፣ ቦርሳ የሌለው፣ ለምን እንደ ዘመተ ያልታወቀ፤ እና እስከ ደረጃው አፍ ድረስ የሸኛቸው፣ ከዚያ ወዲያ ግን ያልደፈረው የግቢው ውሻ።

በምድር ቤቱ የነገሡት የንብረት ኃላፊዋ ወይዘሮ በሰለች ነበሩ። የማይክሮፊልም ማንበቢያው ማሽን ከባሕር ማዶ በስጦታ ከመጣ ጀምሮ በስማቸው ተመዝግቦ ይኖራልና፣ እንዳይበላሽ ከመስጋታቸው የተነሣ አንድም ቀን በርቶ አያውቅም። ነጭ ዳንቴል አልብሰውታል። በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል፤ አበባውም አቧራ እንዳይነካው ፌስታል ለብሷል።

ወይዘሮ በሰለችም ሠራዊቱን ባዩ ጊዜ ከወንበራቸው ሳይነሡ አወጁ፦ «ይሠራል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ይሠራል! የሚሠራው ስላልተነካ ነው። እናንተ ነገ ተመርቃችሁ እብስ ትላላችሁ፤ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ኤልሮኢም ሰዓቷን እያየች የምላሽ አዋጅ አወጣች፦ «እትዬ በሰለች፣ እሺ፣ ራስዎ ያብሩት። እኔ ይኸው እጄን ኪሴ ከተትኩ። አልነካም፤ ዓይኔን ብቻ ነው የምጠቀመው።» ሙስሊማም «ወላሂ እትዬ፣ አበባውን እንደ ሕፃን ነው የምይዝልዎት» ስትል ማለች። ከሁለቱ አዋጆች የወይዘሮዋን ልብ ያራራው ይህ መሐላ ነው።

ያን ጊዜ አበባው ከነፌስታሉ ወረደ፤ ዳንቴሉ በአራት ታጠፈ፤ ሶኬቱ ተሰካ። ማሽኑም ሳይነካ የኖረበት ዘመን ሳይጎዳው እያጉረመረመ በራ። ባየው አጨበጨበ፤ ወይዘሮ በሰለችም በኩራት ዙሪያቸውን አይተው፣ የፊልሙን ጫፍ መርፌ ላይ እንደሚገባ ክር በምራቃቸው አርጥበው፣ ጥቅል አርባ ሰባትን በገዛ እጃቸው አስገቡት። በጀርባው የገባውም ያን ጊዜ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ጽሕፈት ሁሉ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ ፊደላቱም ጀርባቸውን ለአንባቢ ሰጥተው ቆሙ።

ኤልሮኢ እጇን ከኪሷ ልታወጣ ስትል ግን የወይዘሮ በሰለች ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፦ «ተይ! ከገባ ገባ! አውጥቼ ድጋሚ ስከተው ብጭቅ ቢልስ? እንዲሁ አንብቢው፤ የተማርሽ አይደለሽ እንዴ?» ኤልሮኢም መመለስ የምትችላቸውን መልሶች ሁሉ በልቧ ደርድራ፣ ለዘጠኝ አርባ ጉዳይ መሆኑን አስባ፣ ሁሉንም ዋጠቻቸው።

በዚህ ጭንቅ ሰዓት ሙስሊማ አበባውን ለባየው አስረከበችና (ባየውም በዚህ ዘመቻ የመጀመሪያ ሹመቱን አገኘ) ከቦርሳዋ የፓውደር መስታወቷን አውጥታ በኤልሮኢ ፊት ያዘችላት። መስታወቱ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ግማሹም ፓውደር ነው። ኤልሮኢ አንገቷን አጥፋ፣ ጀርባዋን ለማሽኑ ሰጥታ፣ በትከሻዋ ላይ የመስታወቱን ዓይን አሳልፋ፣ የቅኝ ገዥዎቹን ምሥጢር አንድ አንድ ቃል እየለቀመች ታነብ ጀመር። ወይዘሮ በሰለች እጀታውን ያዞራሉ፤ ሙስሊማ «ቀስ! አለፈ! ይመለስ!» እያለች ታውጃለች፤ ምስሎቹም የጨው ግብር፣ የታመመ ጸሐፊ፣ የጠፋች ጀልባ እያሳዩ አለፉ። በመጨረሻም 212 ደረሰ፤ ቁጥሩም እንደ ሌላው ሁሉ ተገልብጦ ነበር።

ኤልሮኢ አንዴ አነበበችው። መስታወቱን በክንዷ ጠርጋ ደግማ አነበበችው። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ አሰማች፦ «ለተከበሩ የበላይ ሹም። ፍራሼን ምስጥ በልቶታል። ለሦስተኛ ጊዜ አመለክታለሁ። በጣውላ ላይ እየተኛሁ የግርማዊነታቸውን ጉምሩክ ማስተዳደር አልቻልሁም።»

ኤልሮኢም እጀታው ይዙር ብላ አዘዘች። በ213 ላይ የበላይ ሹሙ መልስ ነበረ፦ «አሮጌው ፍራሽ ተመላሽ ይደረግ። አዲስ ስለ መስጠት ከዚያ በኋላ ይታሰባል።»

ይህን በሰሙ ጊዜ ወይዘሮ በሰለች ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው ፈረዱ፦ «ልክ ነዋ! አሮጌውን ሳይመልስ አዲስ የሚሰጥ የት አገር አለ? እኚህ ሰውዬ ሥራ ያውቃሉ።»

ሙስሊማ ግን ልቧ ተሰብሮ አወጀች፦ «አያቶቼስ? ግመሎቹስ? ኧረ በአላህ፣ ደኅና አድርገሽ እዪው!» ኤልሮኢም ደኅና አድርጋ አየች። ከፊቱ ያሉትን አየች፤ ከኋላውም ያሉትን አየች፤ አንገቷ እስኪደነዝዝ ጥቅሉን እስከ ጫፉ አስዞረች። ነጋዴ የለም፤ ግመል የለም፤ አልዩ አምባም በስሙ አልተጠራም። አራት ተመራቂዎች ያለፉበት፣ አምስተኛይቱም ካርታ የሳለችለት ዐመፅ፣ አንድ እንቅልፍ ያጣ እንግሊዛዊ ፍራሽ ሲለምን ሆኖ ተገኘ። ኤልሮኢን ያናደዳት እንግሊዛዊው አልነበረም። ማስታወሻውን ከገብረመንፈስቅዱስ ጽሑፍ ላይ የቀዳችው፣ ነጥቡንም ሳታስቀር፣ እርሷ ራሷ ነበረች።

ወሶበ ሰምዑ፣ ማሽኑ በራ የሚለውን ወሬ በሰሙ ጊዜ፣ ተአምሩን ለማየት ዶክተር ኪዳነወልድ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ፤ የሆነውንም ሁሉ ከባየው አፍ ሰሙ። በለሰለሰ ድምፅም የራሳቸውን አዋጅ አወጡ፦ «ኤልሮኢዬ፣ አትደናገጪ። ሰውዬው የጠየቀሽ አይተሻል ወይ ብሎ ነው። አይተሻል፤ እንግዲህ አይቻለሁ በይው፤ ውሸት የለበትም። ግመሎቹ ሌላ ጥቅል ላይ ይኖራሉ። አራት ልጆች ተመርቀውበታል፤ አንቺም ተመረቂና እንገላገል።»

አዋጁ ጥበብ ነበረበት። ባየው ከአበባው ጀርባ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ኤልሮኢ ጠባሴን አሰበች፤ የሚመጣውን ክረምት፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባውን ነፋስ አሰበች፤ አሳቧም ረጅም አልነበረም። እንዲህም ብላ አወጀች፦ «እሺ ዶክተር፣ አይቻለሁ እለዋለሁ። ያየሁትንም እነግረዋለሁ። የእርስዎንም ፊርማ ከጠየቀኝ አምስት ቦታ አለ እለዋለሁ።»

እነሆ፣ ከእርሷ በፊት ያን ማሽን ያስበራ አልነበረም፤ የግዛተ እንግሊዝን ምሥጢር በፓውደር መስታወት የማረከ፣ አምስት ትውልድ የኖረውን ማስታወሻ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሻረ፣ ይህንም ሁሉ እጁን ከኪሱ በቅጡ ሳያወጣ የፈጸመ ከደነባ እስከ መዘዞ አልተሰማም። ይህች የጥቅሎች አስፈቺ፣ የምስጥና የፍራሽ ምስክር፣ ለመመረቅ የቸኮለች፣ አለመመረቅንም በዚያው ፍጥነት የመረጠች ኤልሮኢ ወልደተንሣኤ፣ ከጽሑፏ ጥራዝ ውስጥ ምዕራፍ አራትን ከነካርታው ገንጥላ አወጣች፤ ለታላቅ ሰው እንደሚገባ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ለዶክተር ኪዳነወልድ አስረከበች፤ የቀረውን ጽሑፍ በብብቷ ይዛ ወደ ፈታኙ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።