የጾመኛው ዱዓ

ቋንቋ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሁሉ አንድ አገር ውስጥ የተጻፉ ይመስሉኛል። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ጎብኚ ነው። «ሙዚየሙ የት ነው?» ይላል አንዱ፤ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይላል ሌላው፤ ፖሊስ ቢኖር እንኳ መንገድ ሊያሳይ ነው የቆመው። «ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን አምጣ!» የሚል ፖሊስ በየትኛውም ምዕራፍ አላጋጠመኝም። እናንተስ? ሽርሽር የሚሉትም ነገር ከዚያው መጽሐፍ የወጣ ነው፤ የሌላው ሰው ኑሮ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ መሆኑን አረጋግጦ መመለስ። ይህን የምለው ተናድጄ ነው። ሳልጨርስ ይበርድለታል ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ።

ያኔ ጂዛን ከተማ ዐረብኛ እማር ነበር። ወገኖቼ በየመንገዱ እየታፈሱ ወደ አገር ቤት የሚጫኑበት፣ እኔ ደግሞ የተማሪ መታወቂያዬን ደረት ኪሴ ሻጥ አድርጌ የምንጎራደድበት ወቅት ነው። መምህራችን ኡስታዝ ሱለይማን ደግ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ስልካቸውን አውጥተው የልጃቸውን ፎቶ አሳዩን። ራኢድ ሩስያ ሄዶ ሩስኛ ይማራል፤ ጆሮውን በሱፍ ኮፍያ ሸፍኖ፣ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። «መምህሮቹ ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲያስጎበኟቸው ዋሉ። የእኔ ተማሪዎች ከማን ያንሳሉ?» አሉ። በዚህ ቅናት አንድ ሐሙስ አውቶቡስ ተከራይተው ወደ አል-ዓሪዳ ተራሮች ይዘውን ወጡ።

እርከኑ፣ ፍየሉ፣ ጉሙ፣ መንገድ ዳር የተቀመጠው ዝንጀሮ! ከኢንዶኔዥያ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ ዝንጀሮ ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። «አገርህን አይመስልም?» አሉኝ ኡስታዝ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው። «ቁርጥ እሱን!» አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው።

ቁልቁል ስንመለስ ኬላው ላይ አንድ ወታደር አስቆመን። ከየመን ሲሻገሩ የተያዙ ኢትዮጵያውያን አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚጭንበት መኪና ተበላሽቶበታል፤ የእኛ አውቶቡስ ደግሞ ኋላው ባዶ ነው። «ወደ ጂዛን አይደል የምትወርዱት? ኸላስ፣ አለቀ!» አለ። ወገኖቼ የሽርሽራችን አውቶቡስ ውስጥ ተደረደሩ፤ ወታደሩ ዱላውን ይዞ አጠገባቸው ቆመ፤ እኔም ከጎብኚነት ተሽሬ አስተርጓሚ ሆኜ ተሾምኩ።

ኡስታዝ ደግ ናቸው ብያችኋለሁ። ከምሳችን የተረፈውን ሩዝና የበግ ሥጋ አስቀረቡላቸው። ሰዎቹ ትሪውን ከበቡት። አንዱ ብቻ፣ ከንፈሩ በጥም የተሰነጠቀ ቀጭን ሰው፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ለወታደሩ «ስሜ ሙሐመድ ነው» ብሏል። ጎንበስ ብዬ በአማርኛ ለምን እንደማይበላ ብጠይቀው፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ የገና ጾም አይደለም እንዴ! ሥጋውስ የእስላም አይደል?» አለኝ።

ለካ አራጋው ነው ስሙ፤ የላስታ ሰው። ደላላው የመን ላይ «እስላም ነኝ ካልክ ዱላው ይቀልልሃል» ቢለው ጊዜ ስሙን ቀየረ። ጾሙን ግን ማን ቀይር አለው? በረሃ አቋርጦ፣ ተይዞ፣ በግ ቀርቦለት ጾም ይይዛል። እኔ የወሎ ሙስሊም ነኝ፤ ግማሹ ዘመዴ ረመዳንን፣ ግማሹ ሁዳዴን ሲጾም ስላደግሁ ይህ አልገረመኝም። ያስፈራኝ ዱላው ነው። ወታደሩ ውሸቱን ካወቀ ለአራጋው ጀርባ ወዮለት።

«ምን ሆኖ ነው የማይበላው?» አሉ ኡስታዝ።

«ጾመኛ ነው» አልኩ። አልዋሸሁም።

ቀኑ ሐሙስ መሆኑን አትርሱ፤ ሐሙስን መጾም ለአጥባቂ ሙስሊም የተወደደ ነው። የኡስታዝ ዓይን እንባ አቀረረ። «እንዲህ ተጎሳቁሎ! እዩ፣ ተማሩ!» እያሉ ስለ ጾም ትሩፋት ያስረዱን ጀመር። ተማሪው ሁሉ ዞሮ አራጋውን አየው። ኢንዶኔዥያዊውም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው፤ ከዝንጀሮው ቀጥሎ መሆኑ ነው። ደሜ ፈላ።

ጂዛን ልንገባ ስንል ያ ባለ ዱላ ወታደር ወደ ኡስታዝ ጠጋ አለ። «እዚህ መንገድ ዳር መስጊድ አለ። ጾመኛ ሰው ነው፤ ላውርደውና እዚያ ያፍጥር። እርስዎ ካሉ እኔ አላየሁም» አላቸው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ኡስታዝ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እሺ ይበሉ!» አልኳቸው።

ኡስታዝ ጢማቸውን አሻሹ። «ኒዛም ኒዛም ነው፤ ሕግ አይጣስም» አሉ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ «ያላ፣ ንዳው!»

እስካሁን «አሉ» እያልኩ ነው ያወራኋችሁ። ከዚህ ወዲያ «አለ» ነው የምለው። አራጋውን ማውረድ ባልችል አንቱታዬን እዚያ መስጊድ ደጅ አውርጄው ሄጃለሁ።

እስር ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ይኸው መምህራችን ቴምር በፌስታል ይዞ ወደ ኋላ መጣ። ቴምሩን ለአራጋው ሰጠና እጁን ግጥም አድርጎ ያዘው። «የጾመኛ ዱዓ አይመለስም። ልጄ በሰው አገር ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ተበላሽቶበት ሊያባርሩት ነው። ዱዓ አድርግለት በልልኝ» አለኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ተርጉሙ! አሳልፎ የሚሰጠውን ሰው እጅ ይዞ፣ «ልጄ እንዳይባረር ለምንልኝ» ይላል! ሐፍረት የሚባል ነገር ይህን ሰው በስም እንኳ አያውቀውም። ወታደሩ አጠገባችን ቆሟል። ጥርሴን ነክሼ ተረጎምኩ።

አራጋው ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አምላኬን፣ እንዲሰድበው ተመኘሁ።

«ልጁ በሰው አገር? አይ እናቱ!» አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «የክርስትና ስሙን ጠይቅልኝ» አለኝ።

እሱ በሚያውቀው ሥርዓት ያለ ክርስትና ስም ጸሎት አይያዝም።

«ራኢድ ነው» አልኩት።

«ይሄማ የዓለም ስሙ ነው።»

«ሌላ የለውም።»

«እንግዲያው በዚሁ እይዝለታለሁ። እግዜር ስም አይጠፋውም» አለና ቴምሩን ይዞ ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ከወር በኋላ ኡስታዙ ክፍል ውስጥ ከረሜላ ይዞ መጣ። የራኢድ ፈቃድ ታድሷል። «የዚያ ጾመኛ ዱዓ ነው!» እያለ ለእያንዳንዳችን አደለ። ጾመኛው የት እንደ ደረሰ፣ ለራሱስ አንድ ቃል ጸልዮ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ሰበሰብኩ።

«ጾመኛ ነኝ» አልኩት፤ ፉል በዳቦ ጠግቤ የመጣሁት ሰውዬ።

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ማሻአላህ! እንግዲያው ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ» አለኝ።