ድልድዩ የሚጎዳው ሰው

ያልተጣላ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ የሌለበት አገር የለም። እናንተም ሰፈር አንድ አለ፤ የለም ካላችሁ ገና አልተገናኛችሁም ማለት ነውና ተዘጋጁ። ድምፃችሁን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስታወሩ ከሰማ ጋቢውን እያስተካከለ ይመጣል፣ መሃላችሁ ይቀመጣል፣ «በሉ እስቲ፣ ከማን ልጀምር?» ይላል። ከዚያ በኋላ ማምለጫ የለም።

ለሰቆጣና ለአካባቢዋ የደረሱን ክቡር አያ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። «ክቡር»ን የጨመርንላቸው እኛ ነን፤ እሳቸው ግን ከመንግሥት እንደተሰጣቸው ነው የያዙት። ነገር የሚጀምሩት በአማርኛ ነው፤ ነገሩ ሲጠነክር ወደ ኽምጣኛ ይገባሉ፤ ኽምጣኛው ላይ ከደረሱ እርቁ አይቀርም። «እኛ እኮ አልተጣላንም» የሚላቸው ሰው ሲገጥማቸው የሚመልሷት መልስ አለቻቸው፦ «ጥሉ ባይኖርም እርቁ ይቀመጥ፤ አይበላሽም።»

አንድ የገበያ ቀን ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ዓሊዬ ከአንድ የኒሯቅ ገበሬ ጋር በኩታ ዋጋ ሲከራከር ደረሱ። «አያ፣ እኛ እኮ እየተገበያየን ነው» አላቸው ዓሊዬ። «እሱንማ አየሁ፤ ያስቀየመህ ምኑ ላይ ነው?» አሉት። ዓሊዬ ይቅርታ ጠየቀ፣ ገበሬውም ይቅርታ ጠየቀ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ገበሬው በእርቁ ደስ ብሎት ኩታውን ሳይገዛ አገሩ ገባ። ዓሊዬ ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ ዕቃውን ይሸፍናል።

የአምደወርቅ ልጆች ለኳስ ግጥሚያ የመጡ ጊዜ ደግሞ ሜዳ ገቡ። ዳኛውን ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ አንድ ለዜሮ የነበረውን ጨዋታ አንድ እኩል አድርገው ልጆቹን በፍቅር ሸኟቸው። ግቧን ያገባው ልጅ አለቀሰ፤ እሱንም አባበሉት።

የኔም ቤት አልቀረም። እኔና ባለቤቴ ትርፌ የሬዲዮኑን ድንጋይ የት እንዳስቀመጥነው እየተጠያየቅን ሳለ በር ላይ ድምፃቸውን ሰማን። ገብተው ተቀመጡና «ምን አስቀየመሽ ልጄ? ከሆድሽ አትያዢው» አሏት። ትርፌ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ አሰብ አደረገች። ከዚያ ከሠርጋችን ቀን ጀምራ ትነግራቸው ገባች። አስታርቀውን፣ መርቀውን ሄዱ። እኛም ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን።

እኒህ ሰው ታዲያ ከገዛ ወንድማቸው ጋር አይነጋገሩም ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊታቸው ላይ ጥል ብሎ የጠራው ሰው ግን የለም። ታናሽ ወንድማቸው አያ ገብረ ሊባኖስ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። እናታቸው እዚያው ታናሽየው ቤት ሆነው በነሐሴ አረፉ። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። አያ ወልደ ሐዋርያት ከወዲህ ዳር ቆመው እያለቀሱ፣ የእናታቸው ቀብር ከማዶ ተፈጸመ። ታናሽየው በኀዘን ላይ ሆነው «እናቱን የሚወድ ሰው እንደምንም ብሎ ይሻገር ነበር» አሉ። ሰውየው መሻገር ያቃታቸውን ወንዝ ይህች ቃል ተሻግራ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ወንድምዎን ለምን አይጠይቁም ሲባሉ በክረምት «ወንዙ ሞልቷል» ይላሉ። በበጋ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ጊዜ ደግሞ «ወንዙ አይታመንም» ይላሉ። የማስታረቁም ነገር የባሰባቸው ከዚያ በኋላ ነው።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት በዚሁ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ ነው ተባለ። ከመሠራቱ በፊት በአካባቢውና በሕዝቡ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ይጠና ተብሎ ሁለት ባለሙያዎች መጡ፤ ኢንጂነር በእውቀቱና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ ወይዘሪት መሰረት። እኔ የግብርና ሠራተኛ ስለነበርኩ መንገድ እንድመራቸው ታዘዝኩ።

ለድልድዩ የታሰበው ቦታ ሁለት ነው። ላይኛው ጠባብ ስለሆነ ወጪው ትንሽ ነው፤ ግን ድንጋዩ በድማሚት ሲፈርስ የማዶ ሰዎች ቀፎ የሰቀሉበት ገደል ንቡ ይሰደዳል። ታችኛው ንብ አይነካም፤ መንገዱ ግን በእኛ ዳር ሰዎች የመስኖ ሽንኩርት ላይ ያልፋል። ከባለ ቀፎዎቹ አንዱ አያ ገብረ ሊባኖስ፣ ከባለ ሽንኩርቶቹ አንዱ አያ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። ማዶው «ታችኛው ይሁን» ሲል ወዲህኛው «ላይኛው ይሁን» ይላል። ሁለቱ ዳሮች ካልተስማሙ ገንዘቡ ወደ ሌላ ወረዳ ይዞራል ተብለናል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ለሚወስድ ወንዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለሙያዎቹም አልተስማሙም። እሱ ላይኛውን፣ እሷ ታችኛውን ይዘው፣ የመኪናው አፍንጫ ላይ ካርታ ዘርግተው ሲከራከሩ ክቡርነታቸው ከች አሉ። ከዚያማ ምኑ ይወራል።

«አንተ ልጅ፣ ላይኛው ነው የምትለው እሷን ንቀህ ነው?» አሉት ኢንጂነሩን።

«ኧረ በፍጹም አባቴ! የድንጋዩ ጥንካሬ ነው።»

«ድንጋዩን ተወው፤ ድንጋይ አይቀየምም። የሷን ስሜት ንገረኝ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኢንጂነሩ ተነሥቶ መሰረትን ይቅርታ ጠየቃት። ለምን እንደጠየቀ እኔም አላወቅሁ፣ እሱም አላወቀ። ሾፌራቸውም ማንም ሳይጠራው መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሱስ ምክንያት የነበረው ይመስለኛል።

በማግስቱ የሁለቱ ዳር ሕዝብ ወንዙ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ተሰበሰበ። የካቲት ነበርና የማዶዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተሻገሩ። አያ ገብረ ሊባኖስም መጥተው ከወንድማቸው ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ተቀመጡ። ወዲያው ንብ ተነሣ፣ ሽንኩርት ተነሣ፣ ጭቅጭቁ ደራ። ለአያ ወልደ ሐዋርያት ይህ ሰርግና ምላሽ ነው ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ዝም። ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ያመማቸው መሰለኝ።

መሰረት ሰውን ሁሉ በተራ በተራ ሰምታ ስታበቃ፣ «ከንቡና ከሽንኩርቱ ሌላ፣ በዚህ ድልድይ መሠራት የሚጎዳ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ የለም አለ። ድልድይ ማንን ይጎዳል? አያ ወልደ ሐዋርያት እጃቸውን አወጡ።

«እኔ አለሁ» አሉ።

«መሬትዎ ነው የሚነካው፣ አባቴ?»

«መሬቱስ ይሂድ። ልጄ፣ እኔ እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት በዚህ ወንዝ ምክንያት ነው። ከዚያም በኋላ ወንድሜ ቤት የማልሄደው በወንዙ ነው እያልኩ ኖርኩ። ድልድዩ የተሠራ ለታ ምን ብዬ ልቀር ነው?»

ንብም ሽንኩርትም የሚል ጠፋ። አያ ገብረ ሊባኖስ በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ» አሏት፣ ወንድማቸውን ሳያዩ፤ «የሚጎዱት ሁለት ናቸው ብለሽ ጻፊ።»

እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። በእኒህ ሰው ስስቅ የኖርኩት ስለምወዳቸው እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው በዓይናችን ብንፈልግ ግን አጣን። በአገሩ ያለው አስታራቂ አንድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ባለጉዳይ ሆነዋል።

ብቻ ስብሰባው ሲበተን ሁለቱም «ቦታውን ለኢንጂነሩ እናሳየው» ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ፤ መጀመሪያ ተራርቀው፣ ኋላ ጎን ለጎን። እኔና በእውቀቱ ተከተልናቸው። ብዙም ሳይሄዱ ድምፃቸው ከፍ አለ። በኽምጣኛ ነው፤ በትር ይወናጨፋል።

«ታችኛው ላይ ይሠራ!» ይላሉ ታላቅየው። «ሽንኩርቴ ይጥፋ፤ እናታችን ማሩን የቀመሰችለትን ንብ አላሰድድም።»

«አይደረግም!» ይላሉ ታናሽየው። «ላይኛው ላይ ይሁን፤ ንብ ሌላ ገደል አያጣም። ያንተን መሬት ማንም አይቆርሳትም።»

በእውቀቱ ኽምጣኛ አይሰማም። ደንግጦ ክንዴን ያዘኝ።

«ተጣሉ እንዴ? እንገላግላቸው?»

«ኧረ ተዋቸው» አልኩት፤ «ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ጥል ነው።»