ሰማያዊዋ ቱታዬ

አማርኛ የሚያውቅ ሰው አገሩን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። እኔማ የአማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ አለማወቄ ራሱ ዲፕሎማ ነበረው።

በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ተመደብኩ። ለቅዳሜ የልማት ዘመቻ ሰማያዊ ቱታ ታድሎኝ ነበር፤ እሷን ለብሼ ዛፍ እተክላለሁ፣ ቦይ እቆፍራለሁ። ታዲያ አንድ የሰኔ ቀን ጎረቤቴ ጋሼ ዴታሞ በአጥር በኩል ብቅ ብለው፣ «መምህር፣ ቱታ አለህ ወይ?» ሲሉኝ ምን ልበል? «አለኝ ጋሼ፣ ሰማያዊ» አልኳቸው። «ጎሽ! እግዚአብሔር ይባርከው» ብለው ሄዱ። ለሥራ ልብስ የሚመርቅ ሰው ያን ቀን አየሁ።

ለካስ በሀዲያ ቱታ ማለት ለመስቀል ሰንጋ በጋራ ገዝቶ የሚያርድ የጎረቤት ማኅበር ኖሯል! ጋሼ ዴታሞ ሌላ ማኅበር የገባሁ መስሏቸው ተዉኝ። ሰማያዊ ያልኩትንም የበሬው መልክ መስሏቸው ይሆናል፤ እንጃ። ባለቤቴ አማረች ደግሞ የከምባታ ልጅ ናትና ነገሩን ታውቀዋለች። «ስለ ቱታው ጠየቁህ?» ስትለኝ፣ «አለኝ ብያቸዋለሁ» አልኳት። ደስ አላት። ባልና ሚስት በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይዘን ሦስት ወር ሙሉ በሰላም ኖርን።

ጉዱ የፈላው በመስቀል ዋዜማ ነው። የሰፈሩ ሥጋ ተከፋፍሎ አለቀ፤ አማረች ሳፋዋን አጥባ ትጠብቃለች። «የእኛስ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ቱታ ምን እንደሆነ የተማርኩት፤ አስተማሪዬም ስታስተምር አልቅሳለች።

የሆዴ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ቸገረኝ? ግን በማግስቱ አማቴ፣ የአማረች አባት፣ ከሺንሺቾ ሊመጡ ነበር። አማረችን ያገባሁት እሳቸው ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰው፣ በመጨረሻ ፊታቸውን እንዳዞሩ ነው። ሁለት ዓመት ደጃችንን አልረገጡም። አሁን «ለመስቀል እመጣለሁ» ብለው ልከዋል። በዚህ አገር ደግሞ አማትን ለመስቀል ያለ ሥጋ መቀበል ማለት «ለምን መጡ?» ማለት ነው። ከጎረቤት እንለምን ብላት አማረች እንቢ አለች። «አባቴን የተለመነ ሥጋ አላበላም» አለችኝ።

ሲነጋጋ ጓሮ ገባች። ጎመኑን ከትፋ በቅቤና በአይብ አሸችው። ዱባ ወጥ ሠራች፤ ድንች በካሮት ቀቀለች፤ ቀይ ሥሩ ላይ ሎሚ ጨመቀች። ቆጮው ቀረበ፣ ሙዝና ኮኩ ተደረደረ። ማዕዱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሆኖ ባንዲራ እንጂ የመስቀል ምሳ አይመስልም ነበር።

አባባ ገቡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ማዕዱን ዳር እስከ ዳር አዩት። እኔ ደንግጬ ስለ ቫይታሚን ንግግር ጀመርኩ፤ የስብሰባ ካድሬ እንኳ እንደዚያ አይለፈልፍም። መጨረሻ ላይ፣ «ያው እንግዲህ… ጎመን በጤና ይባላል አባባ» ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ቀና ስል እንባቸው ይወርዳል። አለቀልን በቃ አልኩ በልቤ።

ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ከዚያ በሉ፤ ጎመኑንማ አስደገሙ። እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ፣ «ማን ነገረህ?» አሉኝ። የምኑን እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸውም ቀስ እያሉ አወጡት። የአማረችን ወንድም ማቴዎስን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት፣ ከሰሜንም ደብዳቤው ከጠፋ ወዲህ፣ ልጄ በደጄ ካልገባ ሥጋ አልቀምስም ብለው ለጌታ ቃል ገብተዋል። ለሰው ግን አልተናገሩም። ቤታቸው ቢውሉ የመስቀልን ሥጋ መጀመሪያ የሚቀምሰው አባት ነው፤ አልበላም ቢሉ የማቴዎስ እናት ልጄ ሞቷል ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። «ካንተም ቤት መጥቼ ሥጋህን ብገፋው፣ ዛሬም አልወደደኝም ትላለህ ብዬ መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ ነው የመጣሁት፤ ማን ነገረህ ልጄ?» አሉኝ።

ልጄ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያው ነው። አሁን የነገረችኝ ሰማያዊ ቱታዬ ነች ይባላል? «ልብ ያውቃል አባባ» ብዬ ዋሸሁ። አማረች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ዓመቱ ዞረ። የማቴዎስ ደብዳቤ አልመጣም፤ አባባ ግን እንደሚመጡ ልከዋል። በሰኔ ጋሼ ዴታሞ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ታሪኩን ከአባባ ቃል ጋር ሰምተው ዓመቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ከርመዋልና፣ «መምህር፣ ዘንድሮስ ቱታ አለህ ወይ?» አሉኝ።

«አለኝ ጋሼ፣ ሰማያዊ» አልኳቸው።

ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ወደ ቤታችን አየት አደረጉና፣ «እንግዲያው የመስቀሉ ጎመን ከእኔ ጓሮ ነው» አሉኝ።