የፊታውራሪ ርስት

በየከተማው፣ አገሩ ያልፈጠረውን ነገር አምጥቶ «ይለምዳል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ደጋ ላይ ሙዝ ይተክላል፤ ውርጭ ሲያቃጥልበት «ይለምዳል» ይላል። በመጨረሻ የሚለምደው ግን ያመጣው ነገር አይደለም፤ ሚስቱ ናት።

ላሊበላ ላይ ይህን ማዕረግ የያዘው ክቡር አቶ ውባንተ ነው። አስጎብኚ ነበር፤ ቱሪስት ሲጠፋ ሥራውም አብሮ ጠፋ። አንድ ቀን የጅቡቲ መንገድ ሹፌር የሆነው ወዳጁ መሐመድኑር በበርሜል የቀይ ባሕር ዓሣ ጭኖለት መጣ። ክንድ የሚያህል፣ ጥርሱ የሰው የሚመስል፣ ዓይኑ የተቆጣ። ውባንተ «ፊታውራሪ» ብሎ ሾመው። ሚስቱ ይማርሽ «ይሄ ነገር» አለችው።

ፊታውራሪ ሳሎን ወደተተከለላቸው የመስታወት ገንዳ እንደገቡ ርስታቸውን አስከበሩ። አብረዋቸው የመጡትን ትናንሽ ዓሦች ያለ አንዳች ካሳ አፈናቀሉ፤ ያፈናቀሉትም ወደ ሆዳቸው ነው። ለጌጥ የተደረደረላቸውን ድንጋይ በአፋቸው እያነሱ አንድ ጥግ ከመሩት። መስታወት ሊወለውል እጁን የከተተ ሁሉ ጣቱን ተነከሰ። ፊውዳሊዝም በሃምሳ ዓመቱ ተመልሶ እዚያ ሳሎን ገባ፤ ጭሰኛዋም ይማርሽ ሆነች።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈው እሷ፣ ጨው በጥብጦ የሚያፈስላቸው እሱ። ውሃቸው እንዲሞቅ መብራት ይበላሉ፤ እሳቸው ሲበሉ ካውያ አይሰካም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አየር እንዳያጥራቸው ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከላይ ያንቆረቁሩላቸዋል። «እጄ ዛለ» ስትለው «ይለምዳል» ይላታል።

የነቢያት ጾም ሲገባ ጉዳዩ የሃይማኖት ሆነ። ፊታውራሪ ሥጋ እንጂ ቆሎ አይነኩም። ውባንተ ያለ ምንም ሐፍረት ሄዶ «በጾም ሥጋ ላብላቸው ወይ?» ብሎ የነፍስ አባቱን ጠየቀ። ቄሱም፣

«ለመሆኑ ተጠምቋል?» አሉት።

«ከውሃ ወጥተውስ ያውቃሉ፣ አባታችን?»

ከዚያ ወዲህ ቄሱ ያን ቤት የሚባርኩት ከደጅ ቆመው ነው።

ይህን ሁሉ ይማርሽ ቻለችው። ያልቻለችው ልደት ሲመጣ ነው። በየዓመቱ ከወገል ጤና በኩል የሚመጡ ተሳላሚዎችን እግራቸውን አጥባ ሳሎኗ ታሳድራለች፤ እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ዘንድሮ ግማሹን ሳሎን መስታወቱ፣ ግማሹን በርሜልና ጀሪካን ይዞታል። የልደትን እንግዳ ከደጅ መመለስ ለእሷ ከሞት አይተናነስም። ለመነች፣ አኮረፈች፣ በስንት ጭቅጭቅ ባሏን እሺ አሰኘች። ሆቴል ያላቸው ጋሽ አረጋም ዓሣውን ለእንግዳ መቀበያቸው ሊወስዱ ተስማሙ።

ተሳላሚዎቹ ሊደርሱ ሲሉ፣ አንድ ጠዋት ጋሽ አረጋ ተሸካሚና መረብ ይዘው ከተፍ አሉ። ውባንተ ወንበሩን አዞረና ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

ይማርሽ ያን አተያይ ታውቀዋለች። ቱሪስት የጠፋ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ እንዲያ ነበር የተቀመጠው፤ በአራት ቋንቋ ሲለፈልፍ የኖረ ሰው በአማርኛ እንኳ «ውሃ ስጪኝ» ሳይል። እንደገና አፉን የፈታው ይሄ ነገር ጣቱን የነከሰው ቀን ነው።

«ጋሽ አረጋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ዛሬ አይሆንም። አሟቸዋል።»

«ማንን?»

በአገጯ ወደ መስታወቱ አመለከተች። ፊታውራሪ የተሸካሚውን መረብ በጥርሳቸው እየቦጨቁ ነበር። ጋሽ አረጋ ዓሣውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ «እግዜር ይማራችሁ» ብለው ወጡ።

«እንግዶቹስ?» አለ ውባንተ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር።

«መኝታ ቤታችንን እንለቅላቸዋለን። እኛ እዚህ እናነጥፋለን። ተነስና ይሄን በርሜል ያዝልኝ።»

ተነሳ። በርሜሉን በአንድ ወገን አንስቶ ገና ደጃፍ ሳይደርሱ ማስረዳት ጀመረ፤ ፊታውራሪ ማንኮራፋት እንደማይወዱ፣ እግርን ወደ መስታወቱ ዘርግቶ መተኛትም ድንበር መግፋት መስሎ እንደሚታያቸው፣ ደግሞም የቀይ ባሕር ወገን ሁሉ ጠባዩ እንዲህ እንደሆነ። ይማርሽ ወገቧን እያመማት ሰማችው። አንድም ጊዜ ዝም በል አላለችውም።