ቢጫ ለብሰው ክሽክሽን ሊወጉ የዘመቱት የመምህር ገበየሁ ዜና

ባጃጅ በእንጅባራ ጎዳና በነገሠበት፣ ኔትወርክም መጥቶ በሚሸሽበት ዘመን፣ በዘመነ ማቴዎስ በወርኃ ግንቦት፣ የድንች ደዌ መርማሪ፣ መፍቀሬ ማጉያ መነጽር መምህር ገበየሁ ወደ ዘንገና ዘመቱ። ይህን ዜና የሚጽፉትም ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ጸሐፊ ስላልተገኘ ራሳቸውን አንቱ ማለት ግድ ሆነባቸው።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። የዘንገናዋ ገበሬ የወይዘሮ እታለማሁ ድንች ከማሳው ዳር ቅጠሉ ተዥጎረጎረ፤ የመካከሉ ለዘር የታሰበ ነበርና እርሱም ከታመመ ለከርሞ የሚተከል አይኖርም። ጠላቱ ቫይረስ ነው፤ እግርም ክንፍም የለው። ነገር ግን ክሽክሽ የምትባል ኢምንት ተባይ የታመመውን ቅጠል በመርፌ አፏ ስትወጋ፣ በአፏ ጫፍ ያለ ፕሮቲን ቫይረሱን አጣብቆ ይይዘዋል፤ እርሱም መኳንንት በበቅሎ እንደሚሄዱ ተቀምጦባት ወደ ጤነኛው ይሻገራል።

መምህርም ክሽክሽን በሕይወት ማርከው ያን ፕሮቲን ሊመረምሩ፣ በቀኛቸው ባልደረባቸው ሰርክአዲስ መረብ ይዛ፣ በግራቸው የባጃጅ ነጂው ይሄነው ብልቃጥ ታቅፎ፣ በኋላቸው የማንም ያልሆነ ውሻ እያዛጋ፣ ራሳቸውም እንደ ኑግ አበባ የሚያበራ አዲስ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ በታመመው ዳር ገቡ። ክሽክሽ ቢጫ ትወዳለችና፣ ክንፍ ያላት ሁሉ ከቅጠሉ ተነሥታ በመምህር ደረት ሰፈረች። እርሳቸው ግን ቅጠሉን ባዶ ቢያዩት «ጠላት ሸሽቷል!» ብለው አወጁ፤ ሊያሳድዱም ወደ ጤነኛው መካከል ገሠገሡ።

ወይዘሮ እታለማሁም ከአጥሩ ሥር አዋጅ አስነገሩ፦ «አንተ መምህር! ደረትህን እይ እንጂ! ተባይ ተሸክመህ ዘሬ ውስጥ የምትገባው ምን በድዬህ ነው? ውጣልኝ!»

መምህርም ደረታቸውን አዩ። ፕሮቲኑ ለቫይረስ የሚሆነውን እርሳቸው ለክሽክሽ እንደሆኑላት ገባቸው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ወእምዝ ከዘሩ ድንች ደጃፍ ዞረው ፈረጠጡ፤ ውሻውም ቀደማቸው። ከመንገድ ማዶ ልብሱን አውልቀው በአጥር እንጨት ሰቀሉት፤ ሰርክአዲስም ሳቋን እየዋጠች ምርኮኞቹን በቡርሽ ለቅማ ብልቃጡን ሞላች። ወይዘሮዋና ይሄነውም የታመመውን ዳር ነቅለው ቀበሩት፤ ዘሩም ዳነ።

መምህር ግን በሸሚዝ ብቻ ዝናብ ሲወርድባቸው ቤታቸው ገብተው በጉንፋን ወደቁ፤ ይኸኛውም ቫይረስ ክሽክሽን ሳይለምን በራሱ መጣ።

ስለዚህ ሳያዩ ለማረኩ፣ ሸሽተው ለረቱ፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ ታሪክ ለጻፉ፣ ለኀያሉ መምህር ገበየሁ ክብር ይገባል፤ ስማቸው ድንች በሚበቅልበት አገር ሁሉ ይጠራ፤ እርሳቸውም እስኪያልባቸው ድረስ ይሸፈኑ።